ጥሩንባ ሳንነፋ የገባንበት መንደር

ድሬዳዋ ያሉ ዘመዶቼ ስደውልላቸው ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ጣና ነው። «ባሕር ነው የሚመስለው? ጉማሬ አይታችኋል? ገዳማቱ ጋ ሄዳችሁ?» ይሉኛል። አብዛኞቹ ይህን አገር በዓይናቸው ሳያዩት እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ መንገዱም ዛሬ እንደዚያን ጊዜው አይደለም። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ወቅት፣ ከጥምቀት በኋላ ከባለቤቴና ከልጃችን ጋር ያደረግነውን ጉዞ ልጽፍላቸው አሰብኩ። ገዳማቱን የሚፈልግ ሰው ግን ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ፤ አንዱንም አላየንም።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ልናገር። ባለቤቴ ሚኪያስ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እኔ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ለሥራ ባሕር ዳር ስንመጣ ከሁለታችንም ወገን አንድ ዘመድ አልነበረንም። እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ እኛ ቤት ቁጭ ብለን ግድግዳ እናያለን። ሚኪ ይህ ሲሰለቸው አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዝቶ መጣ። ዕድሜው ከእኔ ጋር እኩል ነው፤ እንደ እኔ ግን በደንብ አልተያዘም። ልጃችን ሶልያና ገና ስታየው «ጉማሬ» አለችው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሚኪ ጉማሬን ቤተሰብ ይዞ ጭቃም ድንጋይም የሚሻገር መኪና ለማድረግ ዓመታት ፈጀ። አንድ ሰሞን የጎማ ነበር፤ ጥርሳቸው የገጠጠ የጭቃ ጎማዎች ፈልጎ ገጠመ። ቀጥሎ ባሌስትራ ጨምሮ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ሶልያናን አቅፈን ነው የምናስገባት፤ እኔንም የሚያቅፈኝ ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ በላይ በኩል እንዲተነፍስ ከጎኑ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ቱቦ ሠራለት። ጎረቤቶቻችን «ሚኪያስ ቤት እየሠራ ነው ወይስ መኪና?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

የኋላውን ክፍል ያገኘው ከተማው ዳር ባለ አንድ ጋራዥ ጓሮ ከተጣለ ስብርባሪ ላይ ነው። የእኛው ዓይነት መኪና ነበር፤ ፊቱ ተጨፍልቋል፣ ኋላው ግን ደህና ነው። ከእሱ ላይ የጣሪያውን አረንጓዴ ዕቃ መጫኛ፣ በኋላ ወንበር ፋንታ የተሠራውን ረጅም የእንጨት አልጋ፣ ከአልጋው በላይ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ሁለት የጠፍር መያዣዎችና ባለ አየር ጥሩንባውን ፈትቶ አመጣ። ጋራዡ ውስጥ ያሉትን «ባለቤቱስ?» ሲላቸው «አይፈልገውም» ብቻ ነበር መልሳቸው።

ጥሩንባውን ቤት አምጥቶ ሲያጥበው ከውስጡ እፍኝ ሙሉ ደለል ወጣ። ደለሉ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሣር በቅላለች፤ ፀሐይ አይታ ስለማታውቅ ነጭ ናት። ሶልያና ጣሳ ውስጥ ተከለቻት፣ አልጸደቀችም። ጥሩንባው ግን ሠራ። ድምፁ ሦስት ነው፤ ሁለቱ አጭር አጭር፣ ሦስተኛው ረጅም ሆኖ መጨረሻው ላይ እንደ ሰው ድምፅ ይሰበራል። ከተማ ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክሮት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ስለጮኸበት ተወው።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት ዓባይን ተሻግረን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወጣን። ዘንዘልማ ላይ እርሻው ገና ሳያልቅ ቤቱ ጀምሯል፤ ጤፍ የታጨደበት ማሳ መሐል የብሎኬት ግድግዳ ቆሞ ታያላችሁ። እዚያ አንድ የባጃጅ ሾፌር ከፊታችን ሲመጣ ጥግ ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ እስክናልፍ ድረስም አንገቱን ደፍቶ ቆየ።

ሚኪ ደስ አለው። «አየሽ ሰኒ? መኪና ሲከበር!» አለኝ።

«የባጃጁ ነዳጅ አልቆበት ነው» አልኩት።

ሐሙሲት ለቁርስ ቆምን። ገና ሳንወርድ አንዲት ሴት ከሻይ ቤቱ ወጥታ በሾፌሩ መስኮት በኩል ብርጭቆ ዘረጋች። ያላዘዝነው ሻይ ነው፣ ስኳር የሌለው፣ ዝንጅብል ብቻ የገባበት። ሚኪ ደግሞ የድሬ ልጅ ነው፤ ስኳሩን በሻይ የሚጠጣ። እጁን ሲዘረጋ ሴትዮዋ ፊቱን አየችው። ብርጭቆውን መለሰችና ሻዩን ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ቁርሳችንን ያቀረበልን ሌላ ሰው ነው። እሷ ተመልሳ አልወጣችም።

ስንወጣ አንድ ሽማግሌ የኋላውን መስታወት በመዳፋቸው ጋርደው ወደ ውስጥ ሲያዩ አገኘናቸው።

«ማንን ይዛችሁ ነው?» አሉን።

«ማንንም አባባ። ልጃችንን ነው፤ ሽርሽር ወጥተን ነው» አልኳቸው።

«ሽርሽር» አሉ ቃሉን እያላመጡ። «ባዶዋን ስትሄድ አይቻት አላውቅም።»

ሌላ አልጨመሩም። በእኛ አገር ሰው የገረመውን ነገር አፍንጫችሁ ሥር መጥቶ ይጠይቃችኋል፤ «አቦ ይሄን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ኮፈን ያስከፍታል። እዚህ ግን ሰው የሚያውቀውን ይዞ ዝም ይላል። ዝምታው ከጥያቄ ይልቅ ይከብዳል።

ከሐሙሲት አለፍ ብሎ አስፋልቱን ለቀን በግራ ወደ ሐይቁ ታጠፍን። አቧራማ የገጠር መንገድ ነው። ያኔ ነው በትክክል መፍራት የጀመርኩት። እህል የሚወቁ ሰዎች መኪናውን ሲያዩ ሥራቸውን ትተው ይቆማሉ። ሴቶች ከደጃፋቸው ብድግ ይሉና የነጠላቸውን ጫፍ ይይዛሉ፤ አያስሩትም፣ አይለብሱትም፣ ይይዙታል ብቻ። የሆነ ነገር የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ሶልያና በመስኮት እጇን ስታውለበልብ አንድም ሰው አልመለሰላትም። የሚያዩት እኛን አይደለም፤ ከአናታችን በላይ ያለውን አረንጓዴ ብረት ነው። እኛ ካለፍን በኋላም በስፖኪዮ ሳያቸው እንደቆሙ ናቸው።

«ወደ ቤት እንመለስ» አልኩ።

«የገጠር ሰው መኪና ብርቁ ነው» አለ ሚኪ። ድምፁ ግን የጠዋቱ ድምፅ አልነበረም።

ሐይቁ በበጋ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚተወው መሬት አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። አያ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደተባለው፣ ሚኪ በቀጥታ ነዳበት። ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ዋልካ ጭቃ ነው። የዓመታት ሥራው በአንድ አፍታ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ትልልቆቹ ጎማዎች ባዞራቸው ቁጥር የበለጠ ይቆፍራሉ። ጫማዬን አውልቄ ወርጄ ልገፋ ስሞክር እኔም አብሬ ተያዝኩ፤ ሶልያና ሳቀችብን።

ከውሃው በኩል አንድ ሰው ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። ሰይድ ይባላል፤ ዓሣ አጥማጅና ታንኳ ሠሪ ነው። ሚኪ «አሰላሙ አለይኩም» ሲለው ፊቱ በራ፤ ድሬ ያደገ ሰው ሰላምታ አይቸግረውም። ታንኳ ሊሠራበት ያደረቀውን ደንገል በሸክም አምጥቶ ከጎማዎቹ ሥር አነጠፈልን። «ኧረ ይተዉት፣ ሥራዎ ነው» ስለው «ደንገል ነገም ይበቅላል» አለኝ። ተጋግዘው አወጡን። ልብ ያልኩት አንድ ነገር፣ ሰይድ መኪናውን ሲገፋ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ድንኳናችንን ደጁ ላይ ተክለን እንድናድር አደረገን። ባለቤቱ ዘሃራ ቀረሶ ዓሣ በበርበሬና በሎሚ ጠብሳ አቀረበችልን። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ በአንድ ትሪ አይቀርብም፤ ዓሣ ግን ካራ ስለማይነካው ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ድሬ ላይ ዓሣ ከጅቡቲ በበረዶ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ይዋኝ ነበር። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠ ነገር አልበላሁም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ዘሃራ የሶልያናን መኝታ ልታነጥፍልን ብርድ ልብስ ይዛ ወደ መኪናው አብራኝ መጣች። የኋላውን በር ከፈትኩላት። ሶልያና አልጋው ላይ ተንጋላ ሁለቱን ጠፍሮች እንደ ዥዋዥዌ ይዛ ትጫወታለች። ዘሃራ እግሯን አንሥታ ልትገባ ብላ ቀረች።

«ይህን ይዤ ነው ሐሰንን የወለድሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ጠፍሩን። ሆስፒታል ሳልደርስ፣ መንገድ ላይ። አልጋው ላይ ያለው ያ ጭረት የእኔ ጥፍር ነው፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ የማን እንደሆነ አላውቅም።»

ሚኪ ያንን የአልጋ እንጨት ሁለት ጊዜ ቀብቶታል። ጭረቶቹን ግን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋቸው። ሶልያና ጠፍሮቹን ቀስ ብላ ለቀቀች።

ሰይድ በኋላ ነገረን። መኪናዋ የአስማረ ነበረች። በደህናው ቀን ገበያተኛ ያመላልሳል፤ ሰው ሲታመም ደግሞ ሌላ መኪና የማይገባበት ጭቃ ውስጥ ገብቶ በሽተኛ ያወጣል። ክርስቲያን እስላም አይልም።

«አሁንስ የት ነው?» አለ ሚኪ።

«ጉማራ ወንዝ ወሰደው። ካቻምና ክረምት በሽተኛ አድርሶ ሲመለስ።»

«የት ተቀበረ?»

«ወንዙ አልሰጠም» አለ ሰይድ። «እናቱ እማማ ደብሬ ከወንዙ ማዶ ናት። ከኩርባው አልፎ።»

እኔና ሚኪ ተያየን። የሟችን አልጋ ይዞ በእናቱ ደጅ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሄደን «እግዚአብሔር ያጥናዎ» ልንላቸው ተስማማን። ሰይድ «ሂዱ» አለን። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ግን ተወውና ለሶላት ተነሣ።

ሁለተኛው ቀን

ሶልያና ከእኛ ጋር ድንኳን ውስጥ ነው ያደረችው። ጠዋት ዕቃ ልጭን የመኪናውን የኋላ በር ስከፍት ሁለቱ ጠፍሮች ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ነፋስ የለም፤ ሐይቁ እንኳ አይነቃነቅም። ሚኪ «በሩን ስትከፍቺው ነው የተወዛወዙት» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ጉማራን ስንሻገር ውሃው ጉልበት አይደርስም፤ ሕፃናት ይንቦጫረቁበታል። የእኛ የድሬው ደቻቱ ጭራሽ አሸዋ ነው፤ ተሻግረው ሲጨርሱ ነው ወንዝ እንደነበር የሚታወሰው፣ እስኪሞላ ድረስ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ከወንዙ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ አንድ ትልቅ ሾላ ዛፍ ዞሮ ይታጠፋል። መንደሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

ሚኪ ዛፉ ሥር መኪናውን አቀዘቀዘ።

«ጥሩንባ ልንፋ?» አለኝ። «ለልቅሶ ደራሽ ድንገት መግባት ደግ አይደለም።»

የድሬ ሰው ይህን ያውቃል። በእኛ ሰፈር ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩንባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሰምቶ የሚተኛ የለም። ጥሩንባና ልቅሶ ለእኛ አንድ ናቸው። «ንፋ፣ ክብር ነው» አልኩት።

ነፋ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። የመጨረሻው ድምፅ ተሰብሮ ሜዳው ላይ ቀረ።

ከመንደሩ እልልታ መጣ።

መጀመሪያ የአንዲት ሴት ነበር፤ ከዚያ የሌሎች ተጨመረበት። ልቅሶ ቤት እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ኩርባውን ስንጨርስ ከሁሉም ቀድመው አንዲት ረጅም አሮጊት እየሮጡ ወደ እኛ መጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። በእኛ መስኮት በኩል ሲያልፉ ዘወር ብለው እንኳ አላዩንም፤ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደው በሩን ከፈቱት። ሶልያና አልጋው ላይ ተኝታ ነበር፤ ከእንቅልፏ ብንን አለች።

«ድነሻል እናቴ?» አሏት ግንባሯን እየዳሰሱ።

«አዎ» አለች ሶልያና። ምን ትበል።

«ተመስገን። ማን አመጣሽ?»

«አባዬ።»

እማማ ደብሬ እጃቸውን ከግንባሯ አነሡ። በመኪናው ጎን በኩል ቀስ እያሉ፣ ብረቱን እየዳሰሱ ወደ ፊት መጡና ሚኪን አዩት። እልልታው እንደተበጠሰ ክር ቆመ።

«አስማረ የት ወረደ?» አሉት።

ሚኪ ወደ እኔ ዞረ። ያዳነን አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ መካከላችን ገብተው «እንግዶች ናቸው፣ ደክሟቸዋል» አሉና ይዘውን ሄዱ። አቶ ዳኘው ይባላሉ፤ የአስማረ አጎት፣ የእማማ ደብሬ የሟች ባለቤታቸው ወንድም።

ቤታቸው እንደገባን በሩን ዘግተው ነገሩን። አስማረ በሽተኛ አድርሶ ሲመለስ፣ ሰውዬው ከዳነ ያ ሾላ ሥር ጥሩንባ ይነፋል፤ ቤተሰቡ በእልልታ ይወጣል። በሽተኛው ከሞተ ሬሳውን አስተኝቶ ጥሩንባ ሳይነፋ ይገባል። ስለዚህ የመኪናዋ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ፣ የነጠላውን ጫፍ ይዞ፣ ጥሩንባውን ይጠብቃል። የትናንቱ መንገድ ሁሉ ያኔ ገባኝ።

«ሬሳ ካላየሁ አላለቅስም አለች» አሉ አቶ ዳኘው። «ልቅሶ አልተቀመጥን፣ ተዝካር አላወጣን። መኪናይቱን ውሃው ሲጎድል ደለል ውስጥ አገኘናት፤ እሷ እንዳታያት ብዬ ስብርባሪዋን እኔ ነኝ የሸጥሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ። መኪናይቱም ስለሌለች፣ ይዟት ሄዷል፣ ይመጣል ትላለች።»

«ንገሯት እንጂ» አለ ሚኪ።

«ያልነገራት ማን አለ? ቄሱም ነግረዋታል። እሷ የሰው አፍ አታምንም። የምታምነው ጥሩንባውን ነው፤ እሱን ደግሞ ዛሬ አሰማችኋት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዘንድሮ ጀምሮ ወንዝ ትወርዳለች። ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ጥልቁ ጋ እስከ ወገቧ ገብታ ትጠራዋለች። አሁን በጋ ነው። ክረምት ሲሆን ጉማራ ወገብ ላይ አይቆምም።»

ከውጭ የእማማ ደብሬ ድምፅ ይሰማናል። ደጃቸውን እየጠረጉ ለጎረቤት ያወራሉ፤ «መንገድ ላይ ወርዶ ነው፣ ነገ ይደርሳል» ይላሉ። ድምፃቸው የሙሽራ እናት ድምፅ ነው። በሕይወቴ የሠራሁት ደግነት እንደዚያ ያስፈራኝ ጊዜ የለም።

አቶ ዳኘው የለመኑን ይህንን ነው። በዚያ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱን ይጭናሉ፤ የሟችን ልብስ ኮርቻው ላይ አድርገው ልቅሶው መሐል ያዞሩታል፤ ሰው በፈረሱ ያለቅሳል። «አስማረ ፈረስ አልነበረውም፤ እሷ ነበረች ፈረሱ» አሉ ወደ መኪናው እያመለከቱ። «ነገ ጠዋት ወንዙን ተሻግራችሁ ተመለሱ። ልብሱን አልጋው ላይ አስተኛለሁ። ሾላው ሥር ስትደርሱ ጥሩንባ አትንፉ።»

«በሰው እናት ላይ ይህን አላደርግም» ብሎ ሚኪ ወጣ። ተከተልኩት። ጉማሬ አጠገብ ቆመን በሹክሹክታ ተጣላን፤ ጋብቻችን ውስጥ ከተጣላናቸው ጠቦች ሁሉ የከፋው እሱ ነበር። እሱ ሁሉንም ፈትቶ፣ አልጋውንም ጥሩንባውንም ደጃቸው ትቶ መሄድ ፈለገ። «ፈታኸው፣ ከዚያስ?» አልኩት። «ነገም ትጠብቃለች። ከነገ ወዲያም። እኛ ባሕር ዳር ቡና እየጠጣን እሷ ውሃ ውስጥ ትሆናለች።» የብሎን መፍቻውን እጁ ላይ ይዞ ብዙ ቆየ። መጨረሻ ላይ መፍቻውን ሣጥኑ ውስጥ መለሰው።

ለእራት የአቶ ዳኘው ባለቤት ያላትን ሁሉ አቀረበች። ከጎረቤት ደግሞ በቅል የተሞላ እርጎ መጣ። የላኩት እማማ ደብሬ ናቸው፤ «ልጄን መንገድ ላይ ላገኙት ሰዎች፣ ለትንሿም ልጅ» ብለዋል። ሶልያና ጠጣች። እኔ አንድ ጉንጭ ወስጄ ቅሉን አስቀመጥኩ።

ሦስተኛው ቀን

ሶልያናን ከአቶ ዳኘው ባለቤት ጋር ትተን ማለዳ ወጣን። አቶ ዳኘው የአስማረን ጋቢ፣ ኮፍያና ጫማ ይዘው መጡ። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ጋቢውን ሰው እንደሚተኛበት አድርገው ዘረጉት፤ ኮፍያውን ከራስጌ፣ ጫማውን ከግርጌ አደረጉ። ከዚያ በሩን ቀስ ብለው ዘጉትና ከእኛ ጋር ጋቢና ገቡ። ኋላ መቀመጫ አልነበረም።

ተመልሰን ተሻገርን። ሾላው ሲቀርብ ሚኪ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጥብቆ ያዘ። ጥሩንባው በቀኝ በኩል በገመድ የሚሳብ ነው፤ ገመዱ በመንገዱ ንቅናቄ እየተወዛወዘ እጁን ይነካዋል፤ እሱ ግን አላየውም። ዛፉ ሥር ገባን። ጥላው አለፈን። ከዛፉ ወጣን።

መንደሩ ውስጥ አንድም ሰው አይታይም። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሁሉም በየቤቱ እንደሚያዳምጥ አውቃለሁ፤ ትንፋሻቸው የሚሰማኝ መሰለኝ። እማማ ደብሬ ብቻቸውን አጥራቸው በር ላይ ቆመዋል። ንጹሕ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፈገግ ብለዋል። ጆሯቸውን ወደ እኛ አዘንብለው ይጠብቃሉ። በቀረብን ቁጥር ፈገግታው አልጠፋም፤ ምናልባት አሁን ይነፋ ይሆናል፣ ምናልባት ረስቶ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ጠበቁት። ጉማሬ ፊታቸው ደርሶ ቆመ።

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሳይቸኩሉ አጣጠፉትና ወገባቸው ላይ አሰሩት።

ከዚያ ጮኹ። ድምፁን አልገልጸውም። ከየቤቱ ሰው ወጣ፤ ሁሉም ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ነው የወጣው። እማማ ደብሬ የኋላውን በር ከፍተው ጋቢውን ዳሰሱት፣ ጫማውን አቀኑት። ተመልሰው መጡና በሾፌሩ በኩል ያለውን ስፖኪዮ እንደ ፈረስ ልጓም ያዙት። ሚኪ ገባው፤ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ተከተላቸው። ሜዳውን መኪናውን እየሳቡ ዞሩት፤ ሕዝቡ ከኋላ ይከተላል። ሙሾውን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው፤

«ስንቱን በሽተኛ ለቤቱ አበቃኸው፣
የራስህን መምጫ ለማን ነው የተውኸው።»

እኔ አስማረን አላውቀውም። መልኩን እንኳ አላየሁም። እንደ እህቱ አለቀስኩ፤ የማላውቃት ሴት አንገቴን አቅፋ ይዛኝ ነበር። ሚኪ እንባውን መጥረጊያ እጅ ስላልነበረው ፊቱ ላይ ወረደ።

ስንት ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። በመጨረሻ እማማ ደብሬ ቆሙ። ድምፃቸው አልቋል። በመስኮቱ በኩል ወደ ሚኪ ጎንበስ አሉ።

«ይህን ጉርምርምታ ማቆሚያው የቱ ነው ልጄ?»

ሚኪ እጃቸውን ይዞ ቁልፉ ላይ አደረገላቸው። አሳያቸው። ራሳቸው አዞሩት። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ።

«በቃህ» አሉ። «አሁን ተኛ።»

ልቅሶው ላይ ተቀምጠን ዋልን። ንፍሮ በላን፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ጉልበታችንን ሳመን፣ «እግዜር ይስጣችሁ» አለን። ማታ ከመሆኑ በፊት መሄድ ነበረብን። ሚኪ ተሰናብቶ ሊያስነሣ ቁልፉን ሲይዝ አቶ ዳኘው በመስኮት እጃቸውን አስገብተው ያዙት።

«እዚህ አታስነሣት። እናቱ አጥፍታዋለች፤ ዳግም ድምፁን አትስማ።»

የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ተነሡ። ክርስቲያኑም፣ ወሬውን ሰምቶ ከሐይቁ ዳር የመጣው ሰይድም። ነጠላቸውን እንዳሰሩ ትከሻቸውን ለጉማሬ ሰጡ። ሚኪ መሪውን ብቻ ይዞ፣ እኔና ሶልያና ከጎን እየሄድን፣ ያን ሁሉ ብረትና ባሌስትራ፣ ያን ሁሉ የዓመታት ሥራ፣ ያለ አንድ ድምፅ በእጅ ገፍተው ከመንደሩ አወጡልን። እንኳን ጥሩንባ፣ «በሉ» ያለ ሰው አልነበረም። የጎማዎቹ አቧራ መርገጥ ብቻ ይሰማል። ከሾላው አልፈን፣ ኩርባው መንደሩን ከዓይናችን እስኪጋርደው ድረስ ገፉ። እዚያ ቆሙ፤ ላባቸውን ጠረጉ።

አቶ ዳኘው የኋላው በር ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ቆመዋል።

«ከዚህ ወዲያ የእናንተ ናት፤ አስነሧት» አሉን። እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሡም።